የመንዝ ባና በኦሮራ በረዶ ላይ

የማኅበራችን እናቶች፣ ከአሜሪካ ስመለስ “ምን አየሽ?” ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። ያየሁት በረዶ፣ ትልቅ ድስትና ጥርስ የጎደላቸው ሽማግሌዎች ነው። “እሱንም ቢሆን ጻፊው” ስላላችሁ፣ ጸሎታችሁም በሰላም ወስዶ ስለመለሰኝ፣ በየቀኑ የሆነውን አስፍሬዋለሁ። በአፌ ከምናገረው ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

የሄድኩበትን ታውቃላችሁ። ልጄ ትዕግሥት ኮሎራዶ ውስጥ በሆስፒታል ታማሚ ታስታምማለች። ባለፈው ዓመት መንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዳ ፈርማ አገባች። ሽማግሌ አልተላከብኝም። የሰማሁት በስልክ ነው፤ ያውም ድምፁ እየተቆራረጠ። ባልዋ ካሌብ ይባላል። የአገሩ ነባር ሕዝብ ነው፤ ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ ከመምጣቱ በፊት እዚያ ከነበሩት፣ ኦጂብዌ ከሚባሉት ወገን። ዓመቱን ሙሉ እንኳን ደስ ያላችሁም፣ ለምንም አላልኩም። ዝም አልኩ። ዝምታዬን ታውቁታላችሁ።

ግን ከበግ ጸጉር የተሸመነ ወፍራም ባና አሠራሁ። እኔን ሲሰጡ አባቴ ሙሽራውን ያለበሱት የመንዝ ባና ነበረ። በቤታችን አማች የሚሆን ሰው ባና ካልለበሰ አማች አይባልም፤ ትዕግሥትም ይህን እየሰማች አድጋለች። አባትዋ በሕይወት ስለሌለ ማልበሱ የእኔ ነው። “ይዤው እሄዳለሁ፤ ሰውየውን አያለሁ፤ ልቤ ካልወደደው ይዤው እመለሳለሁ” ብዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ከሻንጣው ግማሹን እሱ ያዘው። ግማሹን ሽሮና በርበሬ ያዘው። ለልብሴ የቀረው ጥጉ ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ከደብረ ብርሃን ወጣሁ። ወቅቱ የዐቢይ ጾም ነበር። በአውሮፕላን ላይ ሥጋ አመጡልኝ፤ መለስኩ። እንቁላል አመጡልኝ፤ መለስኩ። ሦስተኛ ጊዜ አስተናጋጇ ፖም ይዛ መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ እስክነክሰው ድረስ አልሄደችም። እግዚአብሔር ይስጣት።

ረቡዕ ዴንቨር ደረስኩ። ፍተሻ ላይ ሻንጣዬን የከፈተው ሰው ባናውን አሸተተና ወደ ኋላ አለ። በስልክ አስተርጓሚ አገናኙኝ።

“እንስሳ ይዘዋል ወይ ይላል” አለኝ አስተርጓሚው።

“በግ ነበረ። አሁን ባና ነው።”

ተመካከሩ። ሌላ ሰው ጠሩ፤ እሱም አሸተተ። በርበሬውን ማንም አልጠየቀኝም፤ አንዱ ካስነጠሰ በኋላ ግን ሁሉም ፈጥነው ዘጉት።

ትዕግሥት በሩ ላይ አቀፈችኝ። አጠገቧ የቆመው ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ “እንደምን አደሩ እማማ” አለኝ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር። ሻንጣዬን ተቀበለኝ፤ ከብዶት ልጄን አያት። እሷም የባናውን ሽታ አውቃው ኖሮ ፈገግ አለች። እኔ ወደ መስኮት ዞርኩ።

ቤታቸው ግሪን ቫሊ ራንች በሚባል ሰፈር ነው። ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሰው ቤቱን የሚያውቀው በመኪናው ነው። ከቤት እንደገባሁ ካሌብ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሰጠኝ፤ ጠጥቼ ሳልጨርስ ሁለተኛ ቀዳ።

“እማዬ፣ ጠጪ” አለች ትዕግሥት፤ “እዚህ ከፍታ ስለሆነ እንግዳ ራሱን ያዞረዋል።”

ዴንቨር በከፍታው እጅግ ይኮራል፤ በየግድግዳው ጽፈውታል። እኔ ከደብረ ብርሃን ወርጄ ነው የመጣሁት። ግን ሰው በደግነት የሰጠውን መቃወም ስለማልወድ አራት ብርጭቆ ጠጣሁ። ያዞረኝ ከፍታው ሳይሆን ውኃው ነው።

ሐሙስ ትዕግሥት ሥራ ስለነበረባት እትዬ ዘውዴ ዘንድ አደረሰችኝ። ዘውዴ በሱዳን በኩል በስደት መጥታ እዚያው ያረጀች፣ ከዴንቨር ጎን ባለችው ኦሮራ ከተማ፣ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር ቅመም የምትሸጥ የጎንደር ሴት ናት። ልጄን ስትመጣ በቤቷ ያስጠጋቻት እሷ ናት፤ ውለታዋን በምን እንደምመልስ አላውቅም። በእድሜ እኩያ ስለሆንን ወዲያው አንቺ ተባባልን።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ደንበኞች ነበሩ። ሦስቱም ስለ አማቼ ሊጠይቁኝ ሰበብ ፈለጉ።

“ልጁ ከየት ነው?” አለች አንዷ።

“ከዚሁ ነው።”

“እሱማ ገባኝ። መጀመሪያ ከየት ነው የመጣው?”

“አልመጣም። እዚሁ ነው የነበረው።”

ሴትየዋ ግራ ገባት። በኦሮራ ሁሉም ሰው ከአንድ ቦታ የመጣ ነው፤ ቦታውን ስትሰማ ወደፊት እንዴት እንደምትዘልፈው ታውቃለች። ከዚሁ የሆነ ሰው አጋጥሟት አያውቅም።

ዘውዴ ከባንኮኒው ጀርባ ሳቀች። “ፓስፖርት አይጠይቅ፣ ስፖንሰር አይጠይቅ፣ ፎርም አያስሞላሽ። የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ኢንሹራንስ አለው። ምን ቀረሽ?”

“ሽማግሌ አልላከም።”

ዘውዴ ሚዛኗን አስቀመጠች። “እንዴት ያውቃል? ማን ነገረው?”

“ልጄ ታውቃለች።”

“ልጅሽማ አንቺን ፈራች። ስሙን እንኳ ወደሽዋል?”

ስሙን ወድጄዋለሁ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። ይህን ስነግራት “እሱንስ ተይው፤ አውቶቡስም ላይ ጥቅስ ይለጠፋል” አለችኝ። አፏ እንዲህ ነው። ወደ ቤት ስመለስ ግን አንድ ኪሎ ምስር በግድ አሸከመችኝ።

ዓርብ ሆኪ የሚባል ጨዋታ ልናይ ሄድን። ካሌብ የነባር ሕዝቦች የሆኪ ክለብ ውስጥ ይጫወታል። ደሞዝ የለውም፤ ሁሉም ሥራ ውለው የሚጫወቱ ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ በየአገሩ ያሉ የነባር ሕዝቦች ክለቦችን ጠርተው ለሦስት ቀን ይጋጠማሉ። አዳራሹ ሎውሪን አልፎ ነው፤ ሎውሪ የጦር አውሮፕላን ሰፈር ነበረ፣ አሁን ሕፃናት ይማሩበታል፤ ተመስገን።

ሆኪ ማለት የኛው የገና ጨዋታ ነው፤ ሣሩን በበረዶ፣ ሩሩን በጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ለውጡት። እግራቸው ላይ ቢላ አስረው ይሮጣሉ። ውጭ ብርድ ነው። ሰዎቹ ከብርዱ ሸሽተው ቤት ይገባሉ፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ በመኪና ኃይል በረዶ አስጋግረው ይበርዳቸዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ በነጻ ነው።

መጀመሪያ የአዳራሹ ኃላፊ ማይክሮፎን ያዘና ከወረቀት አነበበ። ትዕግሥት ተረጎመችልኝ፤ ይህ መሬት የእናንተ የነባሮቹ ነው፣ እናከብራችኋለን አለ። ተጨበጨበለት። ወረቀቱን ገልብጦ ቀጠለ፤ ኪራያችሁ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል፣ መኪና በሩ ላይ ፓርክ እንዳታደርጉ አለ። በአንድ ትንፋሽ መሬቱን ሰጥቶ በሚቀጥለው ወሰደው። ከእኔ በቀር የደነቀው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሰባት ወንዶች አንድ ከበሮ ከበው መቱ። በዐቢይ ጾም በኛ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ እንደማይመታ ታውቃላችሁ። እግሬ ተነሣ። ጉልበቴን በሁለት እጄ ያዝኩት።

ካሌብን ያሳደገው አያቱ ሬይመንድ ከጎኔ ተቀመጠ። ሰማንያ ዓመት ያለፈው፣ የፊት ጥርስ የሌለው፣ ክለቡን ከመሠረቱት አንዱ ነው። የክለቡን ታሪክ እንዲነግረኝ ልጄ ለመነችው። እንዲህ ነው ያለው።

የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ከእናቱ ወስደው አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡት። እናቱ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አስረከበችው። በር ላይ ብርድ ልብሱን ገፈፉት፤ ጸጉሩን ላጩት፤ ቋንቋውን እንዳይናገር ከለከሉት። ብርድ ልብሱን ዳግመኛ አላየውም። ትምህርት ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ነበር። ይህን ሲል አንገቴ ላይ ያለውን መስቀል አየ። መስቀሌን አልሸፈንኩም፤ አንገቴን ግን ደፋሁ።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኩሬ ነበር። ክረምት ኩሬው በረዶ ሲሆን ልጆቹ አሮጌ የመንሸራተቻ ጫማ እያደረጉ ይጫወታሉ። አስተማሪዎቹ ብርድ ስለሚፈሩ እዚያ አይመጡም። ስለዚህ በረዶው ላይ በቋንቋቸው እንደ ልባቸው ይጮሃሉ።

“ሆኪ የተማርነው ለጨዋታ አይደለም” አለኝ፤ “ለወሬ ነው።”

ካደጉ በኋላ መንግሥት ከተማ ውስጥ ሥራ አለ ብሎ ዴንቨር አመጣቸው። የከተማው ክለቦች አልፈለጓቸውም። አምስት ሆነው የራሳቸውን ጀመሩ። የሆኪ ቡድን ስድስት ሰው ነው የሚይዘው። ስድስተኛዋ፣ ግብ ጠባቂዋ፣ ሚስቱ ዶሊ ነበረች።

“ከእሷ የተሻለ ግብ ጠባቂ እስከ ዛሬ አላገኘንም። ግን ድስቱን ማን ይጠብቅ?”

ውድድሩ አንድ ሕግ አለው። መጨረሻ የወጣው ቡድን ሌሎቹን ሁሉ ያበላል። የካሌብ ክለብ ከተመሠረተ ጀምሮ ሲያበላ ኖሯል። ስለዚህ ዶሊ ውጤት አትጠብቅም፤ ከመጀመሪያው ቀን ድስቷን ትጥዳለች።

እኔም ስለ ገና ጨዋታ ነገርኩት። በሣር ላይ ነው፣ በጌታ ልደት ቀን፣ የራስ ቁር የለም አልኩ።

“ጥርስስ?” አለኝ።

“የሚተርፈው ይተርፋል።”

ሬይመንድ ሳቀ። ድዱ ሁሉ ታየ።

የእኔን ጾም ልጄ ለዶሊ ነግራት ነበር፤ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ ከዘጠኝ ሰዓትም በፊት ምንም የለም። ዶሊ እነሱ ከሐይቅ በታንኳ የሚሰበስቡትን ጥቁር ሩዝ በባቄላ ሠራችልኝ። የሌላው ሰው የሥጋ ሾርባም አጠገቡ ፈልቷል። ሰው በሰልፍ ቆመ። ዶሊ ጭልፋውን ደረቷ ላይ ይዛ ሰዓቱን አሳየቻቸው። እንግዳ ሳትበላ አይበላም አለች። መቶ የሚሆን፣ ጠዋት የተጋጠመ፣ የተራበ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት በእኔ ምክንያት ጾመ። ትርፉን ለነፍሳቸው ይቁጠርላቸው። ዘጠኝ ሲሆን ሁሉም እኔን አዩኝ፤ አንድ ማንኪያ እንደቀመስኩ አዳራሹ አጨበጨበ።

ቅዳሜ እግሬ እንዳይበርደኝ ባናውን ከሻንጣ አውጥቼ ያዝኩ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ትዕግሥት ይዤው ስወጣ አይታ ለካሌብ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለችው፤ መኪና ሲነዳ በመስታወት ደጋግሞ ያየኛል። ከጨዋታው በኋላ ካሌብን ላለብሰው ያወጣሁት መስሏቸው እንደነበር የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ጨዋታው ተጀመረ። ካሌብ ተከላካይ ነው። ጨዋታ አይችልም፤ እውነቱን ልጻፍ። ጎማው ካለፈ በኋላ ይደርሳል፤ አውቶቡስ እንደሚነዳ በየቦታው ይቆማል።

ሬይመንድ ካፖርቱን ከሩቅ ለመጣች አንዲት አሮጊት ሰጥቶ በስስ የክለብ ጃኬት ተቀምጧል። እጁን በብብቱ ሥር ሸጉጧል። አየሁት። ጭኔ ላይ ባና አለ። ተነሣሁና አለበስኩት፤ ከአንገቱ ሰብሰብ አድርጌ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ አስገብቼ። አስቤበት አይደለም። እጄ ነው የሠራው።

ከበሮው ተመታ። ሕዝቡ ሁሉ ተነሣ። ጎል ገብቶ መስሎኝ እኔም ቆሜ ወደ በረዶው አየሁ። ለካ በእነሱ ዘንድ ሰውን በብርድ ልብስ መጠቅለል ትልቅ ክብር ነው፤ ሲደረግ ሁሉም ይቆማል፣ ከበሮ ይመታል። ሰዎች እየመጡ እጄን ጨበጡኝ። እኔ ብርድ ስለያዘው ነው እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም።

ሬይመንድ ጨርቁን በእጁ ዳሰሰ። አሸተተውም። ከዚያ አንድ ነገር አለ። ትዕግሥት አልተረጎመችልኝም። ዞር ስል እንባዋ ይወርዳል፤ የደስታ አልነበረም።

ያን ጊዜ ካሌብ በበረዶው መሃል ቆሞ እኛን ያይ ነበር። የሌላው ቡድን ሰው አጠገቡ ሲያልፍ ዱላው ጠልፎ ጣለው። ዳኛው ነፋ። ሆኪ ላይ ጥፋተኛ በመስታወት የተከለለች ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሁለት ደቂቃ ይቀመጣል፤ ከዚያ ይቅር ይባላል። አይሟገትም። ይህን ሥርዓት ወደድኩት፤ የሰው ልጅ ቅጣት ሁሉ እንዲህ በሰዓት ቢሆን።

ሳጥኗ ከእኔ ፊት ለፊት ናት። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ፊቱን አየሁት። ከመጣሁ ያላየሁትን ያህል አየሁት። ቁጣ ፈለግሁ፤ የለም። በአያቱ ትከሻ ላይ ያለውን ባና እያየ ራሱን ነቀነቀ፤ ደግ ነገር እንዳየ ሰው። ሲፈቱት መጀመሪያ የሄደው የጣለው ሰው ዘንድ ነው። ትከሻውን መታ መታ አደረገው። በዚህ መሃል ሌላ ጎል ገባባቸው።

ማታ ትዕግሥት ሳህን እያጠበች፣ ሳትዞር ተናገረች።

“እማዬ፣ የእሱ ነበር።”

“አውቃለሁ።”

“አልወደድሽውም ማለት ነው።”

“እንደዚያ አላልኩም።”

“ምንም አላልሽም። ዓመት ሙሉ ምንም አላልሽም። ማልበስሽን እንደ ቃል እቆጥረዋለሁ ብዬ ነው ባናውን የጠበቅኩት።”

ገብቼ ተኛሁ፤ ጸሎቴን ሦስት ጊዜ ጀመርኩት።

እሑድ ኦሮራ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን አስቀደስኩ። ዘውዴ ከቅዳሴ በኋላ አላናገረችኝም፤ ስልኳን ይዛ ወጣ ገባ ትላለች። እኔና ትዕግሥት ወደ ቤት ተመለስን። ካሌብ ከጠዋት ጀምሮ አልነበረም፤ የውድድሩ መዝጊያ ነው፣ የተሸነፈ ቡድን ያበላል።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ሦስቱም የክለቡን ጃኬት ለብሰዋል፤ ጀርባው ላይ ቁጥር አለበት። መሃል ያለው ሬይመንድ ከጃኬቱ ላይ የእኔን ባና ደርቧል። አንዱ ክራንች ይዟል፤ ሌላው የዶሊን ድስት። ከኋላቸው ዘውዴ ናት፤ ከእሷ ኋላ ካሌብ ራሱን ደፍቶ ቆሟል።

“ግቡ” አልኩ።

ገቡ። “ተቀመጡ” ሳልል አልተቀመጡም፤ ግድግዳው አጠገብ ተደርድረው ቆሙ። ዘውዴ አስተምራቸዋለች ማለት ነው። ባለ ክራንቹ ሶፋውን አየ፤ ዘውዴ በክርኗ ጎሸመችው።

ሬይመንድ ተናገረ። ትዕግሥት ተረጎመች።

“ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ መጥተናል። ሥርዓታችሁን አናውቅም ነበር። በአንድ ዓመት ዘግይተናል። በቡድናችን ታሪክ ይህ የተለመደ ነው።”

ቀጥሎ ባናውን ከትከሻው ሊያወርድ እጁን ዘረጋ። ትላንት ልጄ ያልተረጎመችልኝን አሁን ተረጎመችው፤ “በስድስት ዓመቴ የተገፈፍኩትን ዛሬ እናት አለበሰችኝ” ነበር ያለው።

“አይውለቅ” አልኩ። “የእርስዎ ነው።”

ከዚያ ዝም አልኩ። ምድጃው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የባለ ክራንቹ ትንፋሽ ብቻ ነው። ዘውዴ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ትዕግሥት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ካሌብ ግን ቀና ብሎ እኔን አየ፤ ሰዓቱን አየ፤ ቀስ ብሎ ፈገግ አለ። ከሁሉ በፊት የገባው እሱን ነው።

ሁለት ደቂቃው ሲሞላ “ቅጣቱ አልቋል፤ ተቀመጡ” አልኩ።

ትዕግሥት መተርጎም አቃታት። ካሌብ ራሱ በእንግሊዝኛ ነገራቸው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ በአንድነት ወደቁ፤ ሬይመንድ በሳቅ ድዱ ታየ። ካሌብ መጥቶ ጉልበቴ ሥር ጎንበስ አለ። ራሱ ላይ እጄን ጫንኩ።

“ልጄ፣ ውለዱ፣ ክበዱ፤ እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቃችሁ” አልኩ።

“አሜን” አሉ ሽማግሌዎቹ። ይህችን ቃል ያውቋታል። የት እንደተማሯት አውቃለሁ፤ ስለዚህ እነሱ በወደዱበት ቤት እንዲሏት ስላደረገ አምላክን አመሰገንኩ። ትዕግሥት ጭኔ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ የዶሊን ሩዝ በላን። ዘውዴ በርበሬ ጨመረችበት፤ ባለ ክራንቹ ላብ በላብ ሆኖ ደገመ።

የቀሩትን ቀናት አልጽፍም፤ ደስታ ስለሆኑ ወሬ የላቸውም። ለሰሙነ ሕማማት ወደ ደብሬ እንድደርስ ብዬ ተመለስኩ። ስሸኝ ካሌብ “እንደምን አደሩ እማማ” አለኝ፤ አላረምኩትም።

በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ባና ሠሪው ዘንድ ሄድኩ። ሌላ ባና፣ ካለፈው በአንድ ክንድ የሚረዝም አልኩት።

“ለማን ነው?” አለኝ።

“ለልጄ።”

“ያለችሽ አንዲት ሴት ልጅ አይደለችም ወይ?”

“ሁለት ናቸው” አልኩት።